የበግ ወጥ አሠራርና ምክንያቱ

“ሙያ በልብ ነው” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ሥራውን ሳይለፍፍ በውጤቱ የሚመሰገነውን ባለሙያ ያወድሳል። ይሁን እንጂ በልብ ብቻ የተያዘ ሙያ አንድ አደጋ አለበት። ባለቤቱ በሞተ ወይም ከቤተ ሰቡ በተለየ ጊዜ ሙያው አብሮት ይሄዳል። ከእናቱ ምድጃ አጠገብ ለመቀመጥ ያልታደለ ልጅ በቃል ካልተነገረው ወይም በጽሑፍ ካላገኘው በቀር ያንን ሙያ ሊወርሰው አይችልም።

ሥራን የሚያስረዳ ገላጭ ድርሰት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። እነርሱም፦ ምን ያስፈልጋል? በምን ተራ ይሠራል? ለምንስ በዚያ ተራ ይሠራል? የሚሉት ናቸው። ብዙ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መልሰው ሦስተኛውን ይዘነጉታል። እናንተ ግን የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ፣ “ለምን?” ለሚለው ጥያቄ የተሰጡትን መልሶች ለይታችሁ ለመያዝ ሞክሩ።

ምናልባት ወጥ መሥራት የሴቶች ልጆች ሥራ ብቻ ነው ብላችሁ የምታስቡ ወንዶች ተማሪዎች ትኖሩ ይሆናል። እንዲህ የምታስቡ ከሆነ፣ ከመንጌ፣ ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ አሶሳ የመጣውንና ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖረውን ተማሪ አስቡ። እርሱ ራሱ ካልሠራ ጦሙን ያድራል። ደግሞም ሥጋ በየቀኑ የሚገዛ ነገር አይደለም። ወራት ተቈጥቦ በተጠራቀመ ገንዘብ ለበዓል የተገዛ ሥጋ፣ ምድጃ አጠገብ በሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ስሕተት ጣዕሙን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የወጥን አሠራር ከነምክንያቱ ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ሀ. አንድ ወጥ በሁለት አገር

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በመኪና መንገድ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታም 1,570 ሜትር ገደማ ነው። በክልሉ ውስጥ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ነባር ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ከሌሎች የአገራችን ክፍሎች የመጡ ብዙ ሰዎችም አብረዋቸው ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች ደጋማ ቦታዎች ተነሥተው በአሶሳ ዙሪያ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ይገኙባቸዋል። ገሚሶቹ በፈቃዳቸው፣ ገሚሶቹም ሳይወዱ የመጡ ነበሩ።

ከቀዬው የተነሣ ሰው ዕቃውን ሁሉ ጭኖ አይሄድም፤ ሙያውን ግን በልቡ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን በደሴ ዙሪያ የተለመደ የወጥ አሠራር በአሶሳ ምድጃ ላይ እንደ ነበረ አይቀጥልም። ምክንያቱም በአዲሱ አገር ሦስት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛው በጉ ነው፤ ሁለተኛው ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ነው፤ ሦስተኛው ወጡ የሚበላበት እህል ነው። የሥራውን ተራ ብቻ የሸመደደ ሰው በዚህ ጊዜ ግራ ይጋባል። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ሥራውን ከደረሰበት አገር ጋር ያስማማዋል። ሦስቱንም ልዩነቶች እንደየተራቸው ከዚህ በታች ታገኟቸዋላችሁ።

ለ. አስቀድሞ የሚዘጋጁ ነገሮች

ለስድስት ሰው የሚበቃ ቀይ የበግ ወጥ ለመሥራት፦ ከነአጥንቱ አንድ ኪሎ ተኩል የበግ ሥጋ፣ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ ጨው እንደ መጠኑ፣ እንዲሁም አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ያስፈልጋሉ።

እነዚህ ሁሉ እሳት ከመለኰሱ በፊት ተዘጋጅተው በአጠገባችሁ መቀመጥ አለባቸው። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ በርበሬ ፍለጋ መሯሯጥ ሽንኩርቱን ማሳረር ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለው ተረት በማጀት ውስጥም ይሠራል።

ሐ. በጉንና ሥጋውን መምረጥ

ለወጥ ተመራጭ የሚሆነው ገና ያላረጀ ጠቦት ነው። የጠቦት ሥጋ ቶሎ ይበስላል። በግ እያረጀ ሲሄድ ጡንቻዎቹን አንድ ላይ የሚይዙት ጅማቶች እየጠነከሩ ስለሚሄዱ ሥጋው ረዘም ያለ ጊዜ በእሳት ላይ መቈየት ይኖርበታል። ከብልቶቹ መካከል ጎድን፣ ፍርምባና ወርች ለወጥ ይስማማሉ። እነዚህ ብልቶች ጅማትና አጥንት ይበዛባቸዋል፤ ለጥብስ የማይመቹትን ያህል ለወጥ ይመቻሉ። ምክንያቱን ሥጋው ስለሚበስልበት መንገድ ስናነሣ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው የአገር ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የወሎና የመንዝ በግ አጭርና ወፍራም ላት አለው። በጎረቤት ወለጋ የሚረባው የሆሮ በግም ላቱ ረዘም ይበል እንጂ የሰባ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላ የሚረባው የጉሙዝ በግ ግን ጅራቱ ረጅምና ቀጭን ሲሆን ላት የለውም። በደጋ አገር ባለሙያዋ ከላቱ ጥቂት ቈርጣ ድስቱ ውስጥ በመጨመር ወጡን ታወዛዋለች። የጉሙዝን በግ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ቅባት ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ዘይቱን ወይም ንጥር ቅቤውን በአንድ ማንኪያ ያህል ከፍ ያደርጋል። ክልሉ ሰሊጥ፣ ኑግና ለውዝ የሚበቅልበት በመሆኑ የዘይት ምንጭ አያጣም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ መስጠት ያስፈልጋል። ታሞ የሞተ እንስሳ ሥጋ በምንም ዐይነት መበላት የለበትም። እንስሳው የሞተው በአባ ሰንጋ ከሆነ፣ በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ ሙቀትን የሚቋቋም ዘር ስለሚኖረው ሥጋውን መቀቀል ብቻውን ከአደጋ አያድንም። ሥጋውን መንካትና መግፈፍ እንኳ ያስይዛል።

መ. ሽንኩርቱን ማቁላላት

ሽንኩርቱን ላጡና በደቃቁ ክተፉት። ድስቱን መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩበት፤ ከዚያም በማማሰያ ያለ ማቋረጥ አማስሉት። ይህ ሥራ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል።

ሽንኩርት ያለ ዘይት የሚቁላላው ለምንድን ነው? ከሽንኩርት ክብደት አብዛኛው፣ ከመቶ ዘጠና እጅ ገደማ፣ ውሃ ነው። ይህ ውሃ እስኪተን ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ውሃ ከሚፈላበት መጠን እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ይልማል እንጂ አይጠበስም። ውሃው እያለቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው ስኳር ይጠራቀማል፤ መልኩም ወደ ወርቃማ ቡናማነት ይለወጣል። ጥሬው የሚያቃጥል ሽንኩርት ቁሌት ሲሆን የሚጣፍጠው በዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም በላይ ወጣችን ዱቄት ስለማይገባበት የሚወፍረው በሽንኩርቱ ነው። ሳይልም የቀረ ሽንኩርት ወጡን ቀጭንና ቋጠሮ የበዛበት ያደርገዋል።

ሽንኩርቱ ሊደርስ ሲል ግን አደጋው ይጨምራል። ውሃው አልቋልና ሙቀቱ በድንገት ከፍ ይላል፤ ድስቱም መያዝ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ እሳቱን ቀንሱ፤ ጥቂት የሞቀ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አማስሉ። ያረረ ሽንኩርት መራራ ስለሚሆን በኋላ ቅቤም ቅመምም ቢጨመርበት አይታረምም። ሽንኩርቱ ካረረባችሁ፣ ሥጋው ገና አልገባምና፣ ሽንኩርቱን ደፍታችሁ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ሠ. በርበሬውን በቅባት ማብሰል

ሽንኩርቱ እንደ ደረሰ ዘይቱን ጨምሩና አንድ ላይ ሲንጣጣ ጥቂት አማስሉት። ቀጥላችሁ እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ በርበሬውን ጨምሩ። በርበሬው እንዳይዝ የሞቀ ውሃ በማንኪያ ጠብ እያደረጋችሁ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አቁላሉት። ከዚያም ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ።

ዘይቱ ከበርበሬው የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ለበርበሬ ቀይ መልክና የሚያቃጥል ጣዕም የሚሰጡት ነገሮች በውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ በቅባት ግን ይሟማሉ። በርበሬ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ቢጨመር መልኩ የደበዘዘ፣ ጥሬ ጥሬ የሚል ወጥ ይወጣዋል። በቅባት የበሰለ እንደ ሆነ ግን መልኩ ደማቅ፣ ጣዕሙም ለስላሳ ይሆናል። ይሁን እንጂ በርበሬ ደቃቅና ደረቅ ዱቄት በመሆኑ ከሽንኩርት ይልቅ ቶሎ ያርራል። ጠብታው ውሃ የሚያስፈልገው ሙቀቱን ለመግታት ነው። ቅባቱ ቀይ ሆኖ ከቁሌቱ ሲለይ ስታዩ በርበሬው መብሰሉን ዕወቁ።

አልጫ ወጥ ለመሥራት የምትፈልጉ ከሆነም ተራው ያው ነው። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ገና ሲልም ዘይቱ ይገባል፤ በበርበሬው ፈንታም ጥቂት እርድ ይጨመራል።

ረ. ሥጋውን ቀስ ብሎ ማብሰል

ታጥቦ ውሃው የተንጠፈጠፈውንና ሁለት ሦስት ጣት በሚሆን መጠን የተቈረጠውን ሥጋ ቁሌቱ ውስጥ ጨምሩ። ሥጋው የራሱን ውሃ እስኪያወጣና መልሶ እስኪመጥ ድረስ አገላብጡት። ቀጥሎ የፈላውን ውሃ ሥጋው እስኪሸፈን ድረስ ጨምሩበት። ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ምክንያቱም የድስቱን ሙቀት በድንገት ያወርደውና ሥራውን ያዘገየዋል። ወጡ አንድ ጊዜ ከገነፈለ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ ድስቱን ክደኑት፤ ቀስ ብሎ ይንተክተክ።

ቀስ ብሎ መንተክተኩ ለምን ያስፈልጋል? ሥጋ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ጡንቻና ጅማት። ጡንቻ ኀይለኛ እሳት ሲያገኘው ይኰማተራል፤ በውስጡ የያዘውንም ውሃ ይተፋል፤ ስለዚህ ይደርቃል። ጅማት ደግሞ በመጀመሪያ ጠንካራ ቢሆንም፣ እርጥበት ባለበት ሙቀት ብዙ ጊዜ ሲቈይ እየሟሟ ሄዶ ለስላሳና የሚያጣብቅ ይሆናል። መረቁን የሚያወፍረውና ለአፍ የሚያለሰልሰው ይኸው የሟሟ ጅማት ነው። ጎድንና ፍርምባ ለወጥ የሚመረጡትም ስለዚህ ነው። ለጅማቱ የሚያስፈልገው ጊዜ እንጂ ኀይለኛ እሳት አይደለም።

ሁለተኛው የአገር ልዩነት የሚገባው እዚህ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደሴ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ በአሶሳ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም በድስቱ ውስጥ ይታወቃል፤ አንድ ዐይነት ሥጋ በአሶሳ ፈጥኖ ይለሰልሳል። ስለዚህ በደጋ የተለመደውን ሰዓት እንዳለ የሚከተል ሰው ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ እስኪፈራርስ ሊያበስለው ይችላል። የጠቦት ሥጋ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅመሱት፤ ያረጀ በግ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ልኩ የሚታወቀው ሥጋው በጣት ሲያዝ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ ነው።

ጨው የሚጨመረው ሥጋው ሊበስል ሲቃረብ ነው። መረቁ እየተነነ ሲሄድ ጨው አብሮት ስለማይተን፣ ገና ሲጀመር የተመጠነ የመሰለው ጨው በመጨረሻ ይበዛል። ያነሰ ጨው ይጨመራል፤ የበዛ ግን መልሶ አይወጣም።

ሰ. ማሳረጊያው

ወጡ ከመውጣቱ ከአምስት ደቂቃ በፊት መከለሻውንና ንጥር ቅቤውን ጨምሩ። የኮረሪማ፣ የበሶብላና የኮሰረት ሽታ በእሳት ብዛት የሚተን ነው። እነዚህ ቅመሞች ገና ከመነሻው ቢገቡ መዓዛቸው ቤቱን ያውደዋል እንጂ ከወጡ ጋር አይቀርም። ከዚያ በኋላ ድስቱን አውርዳችሁ ክዳኑን ሳትከፍቱ ዐሥር ደቂቃ ያህል አሳርፉት።

የበግ ወጥ ትኵሱን መቅረብ አለበት። የበግ ጮማ ከብዙ ሌሎች ቅባቶች ይልቅ ቶሎ ይረጋል፤ ወጡ ለብ ሲል ላንቃ ላይ መያዝ ይጀምራል። ብዙ ሰዎች የበግ ወጥን የሚነቅፉት ይህን ሲያገኙ ነው። ጥፋቱ ግን የበጉ ሳይሆን የአቀራረቡ ነው።

ሸ. ወጥና የሚበላበት እህል

ሦስተኛው ልዩነት እህሉ ነው። እንጀራ ዐይን ስላለው መረቁን ይመጠዋል፤ ስለዚህ ለእንጀራ የሚቀርብ ወጥ ወፈር ያለ ሊሆን ይገባዋል። በአሶሳ አካባቢ ማሽላ በብዛት ስለሚዘራ እንጀራውም ብዙ ጊዜ የማሽላ ነው። በበርታዎች ዘንድ ግን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ መብላት የተለመደ ነው። ገንፎ ለስላሳ በመሆኑ ቀጭን መረቅ ላዩ ላይ አይቈይም፤ ይንሸራተታል። የባሚያ ዝልግልግ ፈሳሽ ግን መረቁን ከገንፎው ጋር ያያይዘዋል። እርጥብ ባሚያ ተከትፎ ሥጋው ከበሰለ በኋላ ይጨመራል፤ ለረጅም ጊዜ ከፈላ ዝልግልግነቱን ያጣልና። የደረቀ ባሚያ ደግሞ ተፈጭቶ በመረቁ ላይ እየተነሰነሰ ይማሰላል። በጎረቤት ሱዳን ይህ የባሚያ ዱቄት ወይካ ይባላል።

እንግዲህ ሽንኩርትና ባሚያ የተለያዩ ቢመስሉም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም መረቁን ያወፍሩታል። በሌላው ዓለምም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። የአየርላንድ ሰዎች የበግ ወጣቸውን በድንች ያወፍሩታል። በሞሮኮ ደግሞ ክዳኑ እንደ ሹል ጎጆ በሆነ የሸክላ ዕቃ ስለሚሠሩት፣ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ታች ተመልሶ ሥጋውን ያርሰዋል። አገር ሁሉ በእጁ ባለው ነገር ይጠቀማል።

እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። በአሶሳ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ለአረፋም ለፋሲካም በግ ይታረዳል። ሁለቱም በየሃይማኖታቸው ሥርዐት የታረደውን ስለሚበሉ፣ በጉን ማን እንዳረደው አስቀድሞ መናገርና የእንግዳን ጾም መጠየቅ የመልካም አስተናጋጅ ተግባር ነው።

ቀ. ጥንቃቄ

በአሶሳ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ይበረታል። በዚህ ወቅት ጥሬ ሥጋ ቶሎ ስለሚበላሽ በታረደበት ቀን መሠራት ይገባዋል። ጥሬ ሥጋ የተቈረጠበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳታጥቡ ሌላ ምግብ አትክተፉበት። የተረፈ ወጥ ለማግስቱ ከተቀመጠ ዳር ዳሩ እስኪፈላ በሚገባ መሞቅ አለበት፤ ሽታው የተለወጠ ወጥ ግን ቢሞቅም አይበላ። በእንጨት የምታበስሉ ከሆነም ጭሱ ዐይንና ሳንባ ስለሚጎዳ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃናትንም ከምድጃው አርቁ።

ከዚህ በላይ የተገለጸውን መለስ ብላችሁ ብትመለከቱ፣ እያንዳንዱ ተግባር ከፊቱ ያለውን ተግባር የሚጠብቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሽንኩርቱ ሳይልም ቅባቱ አይገባም፤ ቅባቱ ሳይገባ በርበሬው አይበስልም፤ በርበሬው ሳይበስል ሥጋው አይጨመርም። ድርሰትም እንዲሁ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ ሌላውን ካልጠበቁ አንባቢው መንገዱን ይስታል። ምክንያቱ ካልተገለጸለትም የተነገረውን መድገም እንጂ በሌላ ቦታ ሊሠራበት አይችልም።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ በአሶሳና በደሴ መካከል የተገለጹትን ሦስት ልዩነቶች ዘርዝሩ። እያንዳንዱ ልዩነት በወጡ አሠራር ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. በወጥ ሥራ ላይ የሚታረሙትንና የማይታረሙትን ስሕተቶች ለዩ።

3. “ምክንያቱም”፣ “ስለዚህ” እና “በዚህ የተነሣ” የሚሉት አያያዦች የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን አመልክቱ።

4. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ በልብ ብቻ የሚታወቅ አንድ ሙያ ምረጡ። ባለሙያውን ጠይቃችሁ የሥራውን ተራ ከነምክንያቱ የሚያስረዳ፣ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።